ድንጋዩ የቢቸና አይደለም ያለች ሴት

ባለፈው ጥር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ጤናዬን ጠየቀ፤ የሞጣን ብርድ ጠየቀ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቲቸር፣ የኢንጂነር ሰናይትን ነገር ሰምተዋል?» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። ከተቀበረች ሁለት ሳምንት ሆኗታል አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ ስነግራት «የትኛዋ ሰናይት?» አለች። «ያቺ ድንጋይ የምትልሰው» ስላት ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቤ ተቀመጠች። በእኔ ዕድሜ ያለ የቢቸናና የሞጣ ሰው ስሟን ላያስታውስ ይችላል፤ ድንጋይ ላሿን ግን የማያስታውስ የለም።

ለቅሶዋ አመለጠኝ። ማን እንደነበረች መናገር ግን አሁንም አላመለጠኝም።

ወደ እኛ አገር የመጣችው በደርግ ዘመን ነው፤ የአብዮቱ የመጀመሪያ እሳት በርዶ ስብሰባና መመሪያ በበዛበት ጊዜ። እኔ ቢቸና ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አቧራ የለበሰ ላንድሮቨር ቆመና ቁመቷ አጠር ያለ፣ ካኪ ሱሪ የለበሰች፣ ቀበቶዋ ላይ መዶሻ ያንጠለጠለች ሴት ወረደች። ዘበኛው ወደ እኔ ሲያመጣት መካኒክ መስላው ነበር።

«አሲድ ፈልጌ ነው የመጣሁት» አለችኝ ገና ሰላምታችንን ሳንጨርስ። «የእኛ ጠርሙስ ዓባይ ድልድይ ሳንደርስ ቁልቁለቱ ላይ ተሰበረ። የሾፌራችንን ብርድ ልብስ በላው።»

ማዕድን የሚያጠና የመንግሥት ቡድን አባል ነበረች። ቡድኑ ሞጣ ላይ ቤት ተከራይቶ ከዚያ እየተነሳ በየሸለቆው ይወርዳል። የደሴ ልጅ ናት፤ ትምህርቷን የጨረሰችው ውጭ አገር፣ በረዶ በሚወርድበት ከተማ ነው። አሲዱን የፈለገችው የኖራ ድንጋይን ለመለየት ነበር፤ ጠብ ሲያደርጉበት ይፈላል፣ ሌላው ድንጋይ ግን ዝም ይላል። ከመደርደሪያዬ ግማሽ ጠርሙስ ሰጠኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ቢቸና በመጣች ቁጥር ትምህርት ቤቱን ሳትረግጥ አትመለስም ነበር።

ድንጋይ ስትልስ ሰው ሁሉ ያያት በቅዳሜ ገበያ ነው። ከመንገድ ዳር አንዱን ታነሳለች፣ በመዶሻ ትፈልጠዋለች፣ አዲሱን ፊቱን በምላሷ ጫፍ ትነካና ወደ ፀሐይ ታዞረዋለች። እርጥብ ድንጋይ ቀለሙን አይደብቅም፣ ጭቃነት ያለው ደግሞ ምላስ ላይ ይጣበቃል ብላ ኋላ አስረድታኛለች። የገበያው ሴቶች ግን «ምን ያለ ችግር ቢገጥማት ነው?» እያሉ አዘኑላት፤ አንዷማ ዳቦ ገምሳ ሰጠቻት። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ከደብረ ወርቅ በኩል የመጡ አንድ የቅኔ መምህር ቆመው ካዩዋት በኋላ ቀረብ አሉ።

«ልጄ፣ በጾም እንዲህ ይላሳል?»

«አባ፣ ድንጋይ እኮ የጾም ነው። ቅቤ የለውም።»

መምህሩ መቋሚያቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ሳቁ። «እንግዲያስ ሰሙን ልሰሽ ወርቁን ያገኘሽ እንደሆነ ንገሪን» አሏት። ያ ንግግር ከገበያው ቀድሟት ሞጣ ደረሰ።

አንድ ጊዜ ክፍሌ ገብታ ተማሪዎቼን እንድታነጋግራቸው ለመንኳት። ጠመኔ አላነሳችም። የተሰበረ ገንቦ ስባሪና አንድ እፍኝ ጭቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይኼ ጭቃ እሳት ገባ፤ አልቀለጠም፣ ግን ተለወጠ። ከእንግዲህ ውኃ ብታፈሱበት ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። ምድርም እንዲህ ታደርጋለች። ጭቃውንና አሸዋውን ወደ ጥልቅ ወስዳ ትጫነዋለች፣ ታግለዋለች፣ ሌላ አድርጋ ታወጣዋለች። ሜታሞርፊክ የሚባለው አለት ይኼ ነው፤ የተለወጠ ማለት ነው።» ከዚያ ልትወጣ ስትል ዞር ብላ «ድንጋይ ስታገኙ ስሙን ብቻ አትጠይቁት። አገሩንም ጠይቁት» አለቻቸው። ተማሪዎቹ ይህን አባባል ይዘው ወራት ሙሉ ሲቀልዱበት ከረሙ፤ አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር «አገርህ የት ነው፣ ድንጋይ?» ይሉት ነበር።

የጥቁሩ ድንጋይ ነገር የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ከቢቸና ወጣ ብሎ ቁልቋል አምባ የሚባል ኮረብታ አለ። የዚያ አካባቢ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ስንሻው፣ ጨዋታ አዋቂና በሰው የተወደዱ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ጠዋት የሕፃን ራስ የሚያህል ከባድ ጥቁር ድንጋይ በአህያ ጭነው ወደ ካድሬው ወደ ጓድ ደርበው ቢሮ አመጡ። «ተራራችን ላይ ያገኘነው ነው» አሉ። ጓድ ደርበው ወጣት ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ፋብሪካ በመጣ ማግስት ድህነት ይጠፋል ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። ድንጋዩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ እኔ ይዞት መጣ።

«መምህር ጌትነት፣ ይኼ ምንድነው? መርምርልን።»

ድንጋዩ የነኩትን እጅ እንደ ከሰል ያጠቁራል። ጥቂት ፈጭቼ ከፖታሽና ከናይትሬት ጋር አቀለጥኩት፤ ደማቅ አረንጓዴ ወጣው። ውኃ ጨምሬ አሲድ ጠብ ሳደርግበት ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ተለወጠ። ተማሪዎቹ በመስኮት ያዩ ነበርና አጨበጨቡ። «ማንጋኒዝ ነው» አልኩት። ለምን እንደሚጠቅም ጠየቀኝ፤ ብረት ለማጠንከር፣ ባትሪ ለመሥራት ብዬ ነገርኩት። ጓድ ደርበው እጄን ጨብጦ ለረጅም ጊዜ አለቀቀኝም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእኔም ከአቶ ስንሻውም እጅ ወጣ። ወሬው ወደ ላይ ተጻፈ። ስብሰባ ተጠራ፤ የቁልቋል አምባ ተራራ ለማዕድን ሥራ እንደሚከለልና ነዋሪው ታች ሜዳው ላይ አዲስ መንደር እንደሚመሠርት ተነገረ። ሜዳው በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ወባ ያለበት ቦታ ነው። እህሉ ገና እሸት ነበር። ስብሰባው ሲበተን ሴቶቹ በየመንገዱ ሲያለቅሱ አየኋቸው። አቶ ስንሻው ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ከተማ መምጣት ተዉ።

የቀረው ነገር የባለሙያ ማረጋገጫ ብቻ ነበር። ሞጣ ያለው ቡድን ሰናይትን ላከ።

ተራራው ላይ የወጣነው እሷ፣ ጓድ ደርበው፣ አቶ ስንሻውና እኔ ነን። እኔ የተጠራሁት ምርመራውን ስለሠራሁ ነው። ሰናይት መጀመሪያ ድንጋዩን ተቀብላ መዘነችው፤ ከዚያ በመዶሻ ለሁለት ከፈለችው። ውጩ ጥቁር ነው፤ ውስጡ ግን እንደ ጽጌረዳ ሮዝ ነበር። ሁላችንም አጎነበስን። አጉሊ መነጽሯን ሰጠችኝና በሮዙ መሐል የተሰገሰጉ ብጫማ ቡናማ ፍሬዎች አሳየችኝ፤ ጋርኔት ይባላሉ አለች። የምላሷን ጫፍ አስነካችውና ወደ ተራራው መውጣት ጀመረች።

ቀኑን ሙሉ ዞረች። ገደሉን ወረደች፣ የምንጩን ጉድጓድ አየች፣ የየማሳውን የድንጋይ ካብ ሳይቀር መረመረች። ጓድ ደርበው አንድ ስንጥቅ ላይ ጥቁር ነገር አይቶ «ይኸውና፣ ሌላ ማንጋኒዝ» ብሎ ጠራት። በጥፍሯ ፋቀችው፤ ከሥሩ ተራው ግራጫ አለት ብቅ አለ። «ይኼ ዝናብ ያመጣው ነው፤ እንደ ጥላሸት ላዩን ቀባው እንጂ ውስጡ የለም» አለችው። ጓድ ደርበው ፊቱ ተለወጠ፤ ደብተሩን ይዞ ወደ ጥላ ሄደ።

እኔና እሷ ወደ ኋላ ቀረት አልን። «የመረመርኩት ትክክል አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«ትክክል ነው። ማንጋኒዝ ነው፤ ደግሞ ጥሩ ማንጋኒዝ። ግን ሮዙን አየኸው?» አለችኝ። «ይኼ ድንጋይ መጀመሪያ በጥንት ባሕር ወለል ላይ የተኛ ጭቃ ነበር። ከባሕሩ ሥር ፍል ውኃ ይወጣል፤ ማንጋኒዙን ተሸክሞ ይመጣና እዚያው ይጥለዋል። አሸዋና ጭቃ ይቀላቀለዋል። ከዚያ ጥልቅ ተቀብሮ፣ ተጨምቆ፣ ግሎ ነው ሮዝ ድንጋይና ጋርኔት የሆነው። ወደ ምድር ፊት ከወጣ በኋላ ደግሞ አየርና ዝናብ ላዩን አጠቆረው። ጥልቅ ገብቶ ያልተለወጠ አለት ይኼን አይወልድም። የቆምንበት ተራራ ግን ባሳልት ነው። ከምድር ሆድ ፈሶ እዚሁ የበረደ፣ ከዚያኛው ጋር ሲተያይ የትናንት ልጅ ነው።»

«ታዲያ ውኃ አምጥቶት ይሆን?»

«እንዲህ ያለ አሮጌ አለት ያለው ወደ ምዕራብ፣ በወለጋ በኩል፣ በዓባይ መውረጃ ነው። ዓባይ ደግሞ ከዚህ ወደዚያ ነው የሚወርደው። ውኃ ድንጋይ ተሸክሞ ሽቅብ አይወጣም። ይኼን ሰው ነው ያመጣው።»

ከዚያ አቶ ስንሻው ብቻቸውን ወደተቀመጡበት ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጠች እንጂ አልቆመችባቸውም። «ጋሽ ስንሻው፣ ወለጋ ዘመድ አለዎት?» አለቻቸው።

«የወንድሜ ልጅ ወርቅ ሊያጥብ ወርዶ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ወርቁ አልቀናውም። ይኼን ክብደቱ ገርሞት ይዞ መጣ። በር መደገፊያ አድርገነው ኖርን።»

«ለምን ከዚህ ተገኘ አሉ?»

«አምና ልጄ ምጥ ጠናባት። በቃሬዛ ተሸክመን ቢቸና ሳንደርስ ሜዳው ላይ አለፈች። መንገድ እንዲወጣልን ስንት ጊዜ አመለከትን፤ ማን ሰማን? መንገድ ለሰው አልመጣ ሲል ለድንጋይ ይመጣ ይሆናል ብዬ ነው። ሰዉን ከቤቱ ያወጡታል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። አሁን ወጥቼ ልናገር ብል ያስሩኛል። ዝም ብል ደግሞ አገሩ በእኔ ይፈርሳል።»

ሰናይት እጃቸውን ያዘች፤ ሁለቱም እንደዚያው ሆነው ተቀመጡ።

ጉዳዩን ለመቋጨት ከበላይ አካል የተላኩ አንድ ሻምበል ሞጣ ላይ ስብሰባ ጠሩ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የቁልቋል አምባ ሰዎች ከኋላ ተደርድረዋል፤ እኔ ከፊት ተቀምጫለሁ፤ ሰናይት ከመድረኩ አጠገብ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አዙራ ቆማለች። በዚያ ዘመን የመንግሥትን ዕቅድ ማደናቀፍ የኢኮኖሚ አሻጥር ይባል ነበር፤ በዚያ ስም ገብቶ ያልወጣ ሰው ሁላችንም እናውቃለን።

«ጥያቄው አጭር ነው» አለ ጓድ ደርበው። «ቁልቋል አምባ ላይ ማንጋኒዝ አለ ወይስ የለም?»

«ጥናቱ ገና…» ብላ ጀመረች። ድምፅዋ አልጠነከረም። ቆም አለች፤ ዓይኗ ከኋላ በኩል ወዳለው ሰው ሄደ። ከዚያ እንደ ተቸኮለ ሰው ፈጠን ብላ «የለም። ድንጋዩ ማንጋኒዝ ነው፤ ግን የቢቸና አይደለም። ተራራው ላይ ምንም የለም» አለች።

«እንግዲያስ መምህሩ አሳስቶናል» አለ ጓድ ደርበው ወደ እኔ እየጠቆመ። ሰናይት ቀድማ መለሰችለት።

«አላሳሳተም። ምንድነው ብላችሁ ጠየቃችሁት፤ ምን እንደሆነ ነገራችሁ። ከየት ነው ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።»

«ታዲያ አቶ ስንሻው ከማግኘታቸው በፊት ተራራው ላይ ማን አስቀመጠው? ስሙን ተናገሪ።»

«የት እንደተወለደ ከውስጡ ይነበባል። ማን እንደተሸከመው ግን ድንጋይ ላይ አይጻፍም» አለች።

ሻምበሉ እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል አልተናገሩም ነበር። «ልጄ፣ ብትሳሳቺስ?» አሏት።

«ያስቆፍሩ፣ ጌታዬ። እኔ በማሳይበት ሳይሆን እነሱ በፈለጉት ቦታ ይቆፈር። ማንጋኒዝ ከተገኘ ጥፋቱ በእኔ ስም ይጻፍ። ካልተገኘ ግን ሰዉ በቤቱ ይኑር።»

ሻምበሉ ራሳቸውን ነቀነቁና እንዲቆፈር አዘዙ።

ተቆፈረ። ጓድ ደርበው ራሱ አካፋ ይዞ እንደቆፈረ በዓይኔ አይቻለሁ። ከላይ ባሳልት፣ ከሥሩ ቀይ ሸክላ፣ ከዚያ ደግሞ ባሳልት። ሰዉ በቤቱ ቀረ፤ እህሉንም አጨደ። እኔን አንድ ቀን ጠርተው ጠየቁኝና ለቀቁኝ። እሷ ባትናገርልኝ ኖሮ ያ አንድ ቀን ስንት ዓመት ይሆን እንደነበር አላውቅም።

ዋጋውን የከፈለችው እሷ ናት። ቁፋሮው ሳያልቅ በቴሌግራም ተጠራች። ድንጋዩን ወደ ተራራው ያመጣውን ሰው ስም አልሰጠችም ተብላ ከመስክ ሥራ ታገደች፤ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የናሙና መጋዘን ተሰጣት። ተራራ ላይ ካልዋለች የማይሆንላት ሴት፣ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ መስኮቱ በጠበበ ክፍል ውስጥ ሌሎች ያመጡትን ድንጋይ ስትደረድር ኖረች።

ከመሄዷ በፊት ግን ለሻምበሉ የጻፈችው የመጨረሻ ሪፖርት ነበር። የቁልቋል አምባ ባሳልት ለመንገድ ጠጠር ከአካባቢው ሁሉ የተሻለ መሆኑን፣ ከቀዩ ሸክላ በላይ ያለውን ምንጭ ማጎልበት እንደሚቻልም ገልጻ ነበር። ሻምበሉ ሰው የሚሰሙ ነበሩ። በሚቀጥለው በጋ ለቢቸናና ለሞጣ መንገድ ጥገና ጠጠር የሚጭኑ መኪናዎች ከተራራው ግርጌ ደረሱ፤ ለእነሱ ሲባል መንገድ ተጠረገ። ከዚያ በኋላ ከቁልቋል አምባ ምጥ የጠናባቸው ሴቶች በመኪና ተጭነው ክሊኒክ ሲደርሱ አይቻለሁ። አንደኛዋ የአቶ ስንሻው ምራት ነበረች።

ከመንግሥት ለውጥ በኋላ አዲስ አበባ ስሄድ ፈልጌ አገኘኋት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ወደ መስክ ልትመለስ ቦት ጫማ ገዝታ ነበርና እንደ ልጅ አውጥታ አሳየችኝ። ምሳ እየበላን ስለዚያ ስብሰባ አነሳሁ። እንደ እሷ ያለ ደፋር ሰው አይቼ አላውቅም አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ተው ጌትነት። ልዋሽ ወስኜ ነው የገባሁት» አለችኝ። «ጥናቱ ገና አላለቀም፣ ይቀጥላል ልል ነበር። እናቴ በእኔ ደሞዝ ነበር የምትኖረው፤ ፈራሁ። እያልኩም ነበር። ያኔ ከኋላ ጋሽ ስንሻው ሲነሱ አየኋቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ። ሊናዘዙ ነው አልኩ። እኚህ ሽማግሌ እኔን ለማዳን ብለው ሊታሰሩ ሲነሱ እኔ እዋሻለሁ? ሳይናገሩ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ድፍረቱ የእኔ አይደለም፤ የእሳቸው ነው።»

ወደ አገሬ እንደተመለስኩ በመጀመሪያው ቅዳሜ ቁልቋል አምባ ሄድኩ። አቶ ስንሻው አርጅተዋል፤ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የነገረችኝን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር።

«አይ ልጄ። እውነቱን ልንገርህ? በሩ አጠገቤ ነበር። ‹ጥናቱ ገና› ስትል በቃ አለቀልን ብዬ፣ ውኃ ሽንት የመጣብኝ መስዬ ልሸሽ ነው የተነሳሁት።»

ይህን ለብቻዬ ይዤው መኖር አልቻልኩም። ሞጣ ስመለስ ቴሌ ቢሮ ገብቼ ደወልኩላት። ስጨርስ ከሆዷ ሳቀች፤ ቴሌ ቢሮው ውስጥ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እስኪሰሙት ድረስ ሳቀች።

«እንኳን ያኔ አላወቅሁ» አለች ትንፋሿ ሲመለስ። «ጌትነት፣ ሂድና ንገራቸው። ቢሆንም አመሰግናለሁ ብላለች በላቸው።»

ሄጄ ነገርኳቸው። አቶ ስንሻው ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ወደ ዓባይ ማዶ፣ እሷ ወዳለችበት ወደ አዲስ አበባ ዞሩና አጎንብሰው እጅ ነሱ።